ለአሮጌ አይሱዙ የሞተር ዘይት አዲቲቭ ይጠቅማል ወይ?

የሐይቁ ሹፌር፦
ሰላም ናችሁ ወንድሞች፣ አሮጌ ኤንፒአር አይሱዙ አለችኝ፣ ከመርሳ በኩል ሽንኩርት ጭኜ ደሴና ኮምቦልቻ ነው የምሠራው። ሰሞኑን ዘይት መብላት ጀመረች፣ በሳምንት አንድ ሊትር አካባቢ እጨምራለሁ፣ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ስወጣ ደግሞ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች፣ ጉልበቷ ግን ብዙም አልቀነሰም። መለዋወጫ ቤት ያለው ልጅ ይቺን ዘይቱ ላይ የምትደፋ አዲቲቭ ጨምርባት ጭሱም ይጠፋል ሞተሩም እንዳዲስ ይሆናል አለኝ፣ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ሞተር ማሳደስ አሁን አልችልም፣ ቤተሰቡም የሚያድረው በሷ ነው። እውነቱን ንገሩኝ በአላህ።

አብዱ ኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ። ጋራዥ ነው የምውለው፣ ያለቀ ፋሻ (ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት) በጠርሙስ አይመለስም። ጭስ አጥፊ የሚባሉት አብዛኞቹ ዘይቱን ማወፈር ነው ሥራቸው፣ ሲወፍር በፋሻው አልፎ የሚቃጠለው ይቀንሳል ጭሱም ለጊዜው ይጠፋል፣ የተበላው ፋሻና ካሚሻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር) ግን እዛው ነው። ደሴ ደግሞ ብርዱን ታውቀዋለህ፣ 2,500 ሜትር ላይ ያደረ ሞተር ጧት ሲነሳ ወፍራሙ ዘይት ወደ ሞተሩ የላይ ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል፣ ብረት ከብረት የሚፋጨው ያኔ ነው።

አሁን ብር ሳታወጣ ይሄን አድርግ። ማታ ሜዳ ላይ አቁመህ ከሞተሩ ስር ካርቶን አንጥፍ፣ ጧት ጠብታ ካለ ዘይቱ የሚቃጠለው ብቻ ሳይሆን የሚፈሰውም አለ ማለት ነው። ጧት ስታስነሳ ብቻ ጨሶ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ላስቲክ ጠርጥር፣ እሱ ከፋሻ በብዙ ይረክሳል። ከዛ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ቀስ ብለህ ፍታ፣ ጭስ እየገፋ ክዳኑን የሚያዘልል ከሆነ ፋሻ ነው።

እንድሪስ ወልዲያ፦
እኔ ግን ጨምሬ ጭሱ ቀንሶልኛል፣ እስከማሳድስ ድረስ ሠርቼባታለሁ። ለምን ሰው ታስፈራራላችሁ?

አብዱ ኮምቦልቻ፦
አያ እንድሪስ ልክ ነዎት፣ ጭሱን ይቀንሳል አልካድኩም። ለማሳደሻ ብር እያጠራቀመ ላለ ሰው ጊዜ መግዣ ይሆናል፣ እኔ የምጣላው "እንዳዲስ ያደርጋል" ከሚለው ጋር ነው። ሰው ድኗል ብሎ ሲተዋት ዘይቱ ሳያውቀው ያልቅና ብሮንዚና (ኮሎው የሚዞርበት ማቀፊያ) ይበላል፣ ከዛ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ይከተላል፣ በፋሻ የሚያልቀው ወጪ ያኔ ሙሉ ሞተር ሆነ ማለት ነው።

ሰዓዳ ደሴ፦
እኔ ዘይት ነው የምሸጠው ግን ለገበያዬ ብዬ አልዋሽም። ዘይቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ቆሻሻ የሚያጥበውም፣ ብረት እንዳይበላ የሚከላከለውም፣ ውፍረቱን የሚጠብቀውም ተመጥኖ ገብቶበት ነው፣ ከላይ ሌላ ስትደፋበት ያን ምጣኔ ታበላሸዋለህ። ስሊክ 50 የሚባለው ስመ ጥሩው አዲቲቭ እንኳ የሞተር መበላትን ይቀንሳል ብሎ ስላስተዋወቀው ነገር የአሜሪካ ንግድ ኮሚሽን ከሶት በ1997 እ.ኤ.አ. በስምምነት ነው ያለቀው። የአዲቲቩን ብር ውፍረቱ 15 ደብሊው 40 የሆነ ጥሩ ዘይትና ኦሪጅናል ፊልትሮ ላይ አውለው። ጣሳው ላይ ሲኤች 4 ወይ ሲአይ 4 የሚል ፈልግ፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው፣ በኤስ የሚጀምረው ብቻ ከሆነ ለቤንዚን ነው ተወው።

የሐይቁ ሹፌር፦
አላህ ይስጣችሁ። ካርቶኑ ደረቅ ነው፣ ክዳኑን ስፈታ ጭስ ይወጣል ግን አያዘልለውም፣ ጧት አትጨስም ዳገት ላይ ብቻ ነው። የመለዋወጫ ቤቱ ልጅ አሁን ደግሞ ፍላሽ (የሞተር ማጠቢያ ፈሳሽ) አድርገህ አጥበው እያለኝ ነው፣ ልግዛ?

አብዱ ኮምቦልቻ፦
አትግዛ። በአሮጌ ሞተር ውስጥ የተጋገረውን ዝቃጭ ባንዴ ሲያስለቅቀው ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የዘይት ፖምፓውን ወንፊት ይደፍናል፣ ዘይት ካልሳበ ሞተሩ መንገድ ላይ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ጥሩ ዘይት በጊዜው እየቀየርክ ቀስ በቀስ ይታጠብልህ። ያልከው ምልክት ወደ ፋሻ ያደላል ግን ገና ጅምር ነው፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበትን ግፊት) ሳታስለካ ማንም ሞተሩን አውርደው ቢልህ እሺ እንዳትል።

ሌላ ደግሞ ከማሳው የምትወጣበት መንገድ አቧራ ነው፣ ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፍታና ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁ አፈር ይዞ ከወጣ ፋሻህን እየበላው ያለው እሱ ነው፣ ቱቦው የተሰነጠቀ ወይ ክላምፑ የላላ ይሆናል። ዘይቷን በየጧቱ ሳታስነሳ ለካ፣ ወደ ኮምቦልቻ ስትመጣ ጎራ በል ኮምፕሬሽኑን እለካልሃለሁ።

የሐይቁ ሹፌር፦
እሺ ሐሙስ ለገበያ እወርዳለሁ፣ ቱቦውን ዛሬ ማታ እፈታዋለሁ።