ማይክሮሶፍትን ከመከፈል ያዳነው ፍርድ ቤቱ ነው ወይስ ቡሽ?

ጥያቄ፦
የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴርና ክፍለ ግዛቶች ገበያን ለብቻ በመቆጣጠር (በሞኖፖሊ) በከሰሱት መዝገብ ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን ጁን 7 ቀን 2000 ማይክሮሶፍት ለሁለት እንዲከፈል ወሰኑ፤ አንዱ ዊንዶውስን፣ ሌላው የቀረውን ሁሉ እንዲይዝ። በዓመቱ ውሳኔው ፈረሰ። ገሚሱ «ክሱ ከጅምሩ ባዶ ነበር» ይላል፤ ገሚሱ «የቡሽ አስተዳደር ነው ያዳነው» ይላል። የቱ ነው ትክክል? (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

መልስ 1፦
ጥፋቱንና ቅጣቱን ለያይታችሁ እዩት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጁን 28 ቀን 2001 ማይክሮሶፍት የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሞኖፖሊውን በሕገወጥ መንገድ ማስጠበቁን በሙሉ ድምፅ አጽንቷል፤ ይህም ሞኖፖሊን የሚከለክለውን የ1890ውን የሸርማን ሕግ አንቀጽ 2 ጥሷል ማለት ነው። የብራውዘር (የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ገበያን ሊጠቀልል ሞክሯል የሚለው ግን ተሽሯል። ስለዚህ «ባዶ ክስ» የሚለው አያስኬድም።

የመክፈሉ ትእዛዝ የፈረሰው ዳኛው በመፍትሔው ላይ ማስረጃ ሳይሰሙ፣ ምክንያታቸውንም በቅጡ ሳያብራሩ ስለወሰኑ ነው። ጉዳዩ ሳይቋጭ ለጋዜጠኞች አስተያየት መስጠታቸውም ትልቅ ስህተት ነበር፤ ከመዝገቡ እንዲነሱ አድርጓቸዋል። ያም ሆኖ ፍሬ ነገሩን በተመለከተ የደረሱበት ግኝት አልተሰረዘም።

መልስ 2፦
«ብራውዘር በነፃ መስጠት ምን ነውር አለው?» ለሚሉ ልጨምር። ፍርድ ቤቱ ያወገዘው ሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተር አምራቾች የማይክሮሶፍትን ብራውዘር የኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ምልክት ከዴስክቶፕ እንዳያነሱ በውል ታስረው ነበር። ዊንዶውስ 98 ላይ ደግሞ ፕሮግራም ማራገፊያው ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። ኮዱም ከሲስተሙ ኮድ ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ተደባልቋል፤ ፋይሉን የሰረዘ ሲስተሙን ያሽመደምዳል። አፕልም ተፎካካሪውን ብራውዘር ኔትስኬፕን ወደ ጎን ካላደረገ የማክ ኦፊስ (ለአፕል ኮምፒውተሮች የተሠራው የማይክሮሶፍት የቢሮ ፕሮግራም) እንደሚቋረጥበት ተነግሮት ነበር።

ይህ ሁሉ ለአንድ ብራውዘር ብቻ አይደለም። ፕሮግራም ጸሐፊ ብዙ ተጠቃሚ ወዳለበት ሲስተም ይሄዳል፣ ተጠቃሚም ብዙ ፕሮግራም ወዳለበት። ኔትስኬፕና ጃቫ (በየትኛውም ሲስተም ላይ የሚሠራ ፕሮግራም መጻፊያ) ይህን ቀለበት ሊሰብሩት ይችሉ ነበር፤ በእነሱ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ሥሩ ዊንዶውስ ይሁን ሌላ ግድ የለውማ።

መልስ 3፦
መልስ 1 ፖለቲካውን በጣም ቸኩሎ አልፎታል። ይግባኝ ሰሚው ብራውዘርን ከዊንዶውስ ጋር አስሮ መሸጥ የሚለውን ነጥብ አልዘጋውም፤ በሌላ መመዘኛ እንደገና ይታይ ብሎ መልሶታል። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2001 የተወው መክፈሉን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ነጥብ ጭምር ነው። ማንም ፍርድ ቤት ተው አላለውም፤ የአስተዳደሩ ምርጫ ነበር።

በኖቬምበር በሚኒስቴሩና በማይክሮሶፍት መካከል የመጣውን ስምምነት ከከሳሾቹ ክፍለ ግዛቶች ዘጠኙ ተቀበሉት፣ የቀሩት እምቢ ብለው ክርክሩን ቀጠሉ። ስምምነቱ ጥሩ ነገር አልጠፋውም፤ ለ20ዎቹ ትልልቅ አምራቾች አንድ ወጥ የፈቃድ ውል፣ ሦስት አባላት ያሉት የቴክኒክ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው፦ አምራቹ ምልክቱን መደበቅ ይችላል፣ ኮዱ ግን እዚያው ይቀመጣል። በፍርድ የጸናው ጥፋት ደግሞ ኮዱን መደባለቁ ራሱ ነበር!

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ። ግን ኮዱን ማስወጣትም ብቻውን አይበቃም። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 ከ497 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጋር ሚዲያ ፕሌየር (ሙዚቃና ቪዲዮ ማጫወቻው) የሌለው ዊንዶውስ እንዲሸጥ አዘዘ። ማይክሮሶፍት ሙሉው በሚሸጥበት ዋጋ አቀረበው፤ ገዢ አጣ ማለት ይቻላል።