ከትርፍራፊ ክር የሚሠራ የኪሮሽ ብርድ ልብስ፦ ድሪቶ እንዳይመስል ምን ላድርግ?

ባለኪሮሽ ዘመንቆረር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የእጅ ሥራ ወዳጆች። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ ላለፉት ስምንት ዓመታት የሕፃናት ሹራብ፣ ኮፍያና የሶፋ ዳንቴል እየሠራሁ ለጎረቤትና ለዘመድ ስሸጥ ቆይቻለሁ። ከእያንዳንዱ ሥራ የሚተርፈውን ክር “አንድ ቀን ይጠቅመኛል” እያልኩ በማዳበሪያ ከረጢት ሳጠራቅም ኖሬ፣ ዘንድሮ ሁለተኛው ከረጢት ሲሞላ ነገሩ ከቁጠባ አልፎ ቤት ማጣበብ መሆኑ ገባኝ። ስለዚህ ለእናቴ የክረምት ብርድ ልብስ ልሠራበት ቆርጬ ተነሥቻለሁ። አልጋዋ ባለ ሜትር ከሃያ ነው፤ በጎንና በጎን ትንሽ እንዲወርድላት ስለምፈልግ 1.50 በ2 ሜትር ገደማ ቢሆን ደስ ይለኛል።

የመረጥኩት አሠራር ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው፤ ትንንሽ ካሬዎችን ለየብቻ ሠርቶ ማገጣጠም። አራት ሰንሰለት አገናኝቼ ቀለበት እሠራለሁ፤ ከዚያም ሦስት ሦስት ረዥም ዓይን በአንድ ዘለላ እያደረግሁ፣ በአራቱ ማዕዘን ሁለት ሁለት ሰንሰለት እየተውኩ፣ ዙሪያውን አሳድጌ በአምስተኛው ዙር አበቃለሁ። እስካሁን 22 ካሬ ሠርቻለሁ፤ ሆኖም ጎን ለጎን ስደረድራቸው ሁለት ነገር አሳዘነኝ። አንደኛው፣ ትንሹ ካሬ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ትልቁ ደግሞ 17 ሳንቲ ሜትር ሆኖ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው ቀለሙ ነው፤ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤቴ ዐይታ “ይህ ደግሞ የምን ድሪቶ ነው?” አለችኝ፤ በቀልድ ቢሆንም እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ክሩ ለዚህ መጠን ይበቃ እንደሆነ የምገምትበትን መንገድ ጭምር ብታሳዩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የጣና ዳር ባለዳንቴል

ጤና ይስጥልኝ፣ እኅቴ። ከባሕር ዳር ነው የምጽፍልዎ። ቀለሙን ለጊዜው ይተዉትና በመጀመሪያ ክሩን በዓይነቱና በውፍረቱ ይለዩ፤ የካሬዎችዎ መበላለጥ ዋና ምክንያቱ ይህ እንደሚሆን እገምታለሁ። መለያ ወረቀቱ የጠፋበትን ክር ለመለየት፣ የጣት ርዝመት ያህል ቆርጠው በወረንጦ ይያዙና በብረት ሳህን ላይ ጫፉን በክብሪት ያቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ ግራጫ ዐመድ ይተዋል። የበግ ጠጉር የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ እሳቱን ሲያርቁትም ወዲያው ይጠፋል። ሰው ሠራሹ አክሪሊክ ግን ይቀልጥና ሲበርድ የማይፈርስ ጠጣር ጥቁር እንክብል ይሆናል። ሦስቱን በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ማደባለቅ አይበጅም፤ ምክንያቱም ጥጡ ከባድና የማይለጠጥ ነው፤ የበጉ ጠጉር በሙቅ ውኃ ሲታሽ ይኮማተራል፤ አክሪሊኩ ደግሞ እንዳለ ይቀራል። ከአንድ እጥበት በኋላ ሥራዎ በየአቅጣጫው ሲጎባብጥ ያገኙታል። ጥጡን ለድስት መያዣ ያቆዩት፤ አክሪሊክ በትኩስ ድስት ላይ ስለሚቀልጥ ለዚያ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም።

ቀጭኑን ክር ሁለት አድርገው ደርበው ከወፍራሙ እኩል ሊያደርጉት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የእጅ ጉዳይ ነው፤ ሰው ደክሞት ማታ የሠራውና ጧት የሠራው እኩል አይጠብቅም። እኔ ከካርቶን 15 በ15 ሳንቲ ሜትር አድርጌ የቆረጥኩት መለኪያ አለኝ፤ እያንዳንዱን ካሬ እርሱ ላይ ሳልዘረጋ ወደሚቀጥለው አላልፍም። ካነሰ ባለ 5 ሚሊ ሜትሩን ኪሮሽ በ5.5 እለውጣለሁ፤ ከበለጠ በ4.5። ስለ ክሩ መጠንም ቢሆን፣ ከረጢቱን በዓይን ከመገመት ይልቅ አንዱን ካሬና ክርዎን በሙሉ በሚዛን ቢያስመዝኑ ሒሳቡ ራሱ ይነግርዎታል።

የሸማኔ ልጅ ከሞጣ

ወንድ ሆኜ ኪሮሽ በመያዜ የሚስቁብኝ አሉ፤ አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሸማ ጉድጓድ ተቀምጠው ድርና ማግ ሲያስማሙ የኖሩ ሰው መሆናቸውን ግን ማንም አስቂኝ አላለውም። ስለ ቀለሙ የምለው ከእርሳቸው የተማርኩትን ነው።

የሐበሻ ቀሚስን ጥበብ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው በአንድ ጥለት ላይ ተጠጋግቶ ሳለ ዓይን የማይወጋው በዙሪያው ያለው ሰፊ ነጭ ሁሉንም ስለሚይዘው ነው። በእርስዎ ካሬዎች ላይ የጎደለው ይኸው ያዡ ቀለም ይመስለኛል። ከአንደኛው እስከ አራተኛው ዙር የፈለጉትን ቀለም ያግቡ፤ አምስተኛውን ዙር ግን በሁሉም ካሬ ላይ በአንድ ዓይነት ቀለም ይሥሩት፤ ማገጣጠሚያውንም በዚያው። ያን ጊዜ ውስጡ የቱንም ያህል ቢዥጎረጎር በመስኮት ፍሬም እንደታየ ሥዕል ይሆናል። ነጭ ግን አልመርጥልዎትም፤ ምድጃ ባለበት ቤት በአንድ ክረምት ጢስ ይጠጣል። ጥቁርም ማታ በመብራት ሲሠሩ ዓይኑ አይታይም። እኔ ብሆን “ጎጃም አዘነ” የሚባለውን ዓይነት ጥልቅ አረንጓዴ እወስድ ነበር፤ ቀዩንም ቢጫውንም ያስከብራል።

ሌላው የሚረሳው ነገር ድምቀትና ድብዝዝነት ነው። ካሬዎቹን ወለል ላይ ደርድረው በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት፤ ደብዛዞቹ በአንድ ጥግ ከተከማቹ በግልጽ ይታያል፤ እየቀያየሩ መበተን ነው። ድሪቶን በተመለከተ ግን ጎረቤትዎን ይቅር ይበሏት። ድሪቶ ያረጀ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየተደረበ የሚጠቀጠቅ የብርድ መከላከያ ነው፤ ስንቶቻችን በእርሱ ሙቀት እንዳደግን ብንናገር አናፍርም።

ባለኪሮሽ ዘመንቆረር (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሰፈሬ ባለሱቅ ሚዛን አስመዘንኩት፤ አክሪሊኩ 1.4 ኪሎ፣ ጥጡ 700 ግራም ሲሆን፣ በመለኪያው ልክ የሠራሁት ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ካሬ 12 ግራም ሆነ። ከልባሽ ሹራብ የተረተርኩት ጥቂት ቀይ የበግ ጠጉር ክርም አለኝ። ነገር ግን ትርፍራፊ ልጨርስ ብዬ ተነሥቼ አዲስ ክር ልገዛ መሆኔ ትንሽ አሳቀኝ። ባልገዛስ አይበቃኝም?

የሸማኔ ልጅ ከሞጣ

አይበቃዎትም። በወርዱ 10፣ በቁመቱ 13 ካሬ ቢደረድሩ 1.50 በ1.95 ሜትር ይሆናል፤ ይህ 130 ካሬ ነው። በ12 ግራም ሲባዛ 1,560 ግራም ይመጣል፤ ማገጣጠሚያው ሳይጨመር እንኳ ካለዎት አክሪሊክ ይበልጣል።

አሁን ዘለላዎቹን ይቁጠሩ። አንደኛው ዙር 4፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 12፣ አራተኛው 16፣ አምስተኛው 20 ዘለላ አለው፤ ድምሩ 60 ነው። የመጨረሻው ዙር ብቻውን ከካሬው አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 4 ግራም ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ዳርቻውን በአዲስ ክር ከሠሩት ትርፍራፊው የሚሸፍነው ለያንዳንዱ 8 ግራም፣ ለ130ው 1,040 ግራም ብቻ ነው፤ ይህንን ከነትርፉ አለዎት። የሚገዙት ለዳርቻው 520 ግራም፣ ለማገጣጠሚያና ለዙሪያው ጠርዝ ደግሞ 150 እስከ 180 ግራም ያህል ነው፤ ሰባት ባለ 100 ግራም ጥቅል ይበቃዎታል። ሰባቱንም በአንድ ቀን ይግዙ፤ በመለያው ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑንም ይመልከቱ፤ ቁጥሩ ከተለያየ አንድ ዓይነት የሚመስለው አረንጓዴ ፀሐይ ላይ ሁለት ሆኖ ይታያል። የሠሯቸውን 22 ካሬዎች አያፍርሷቸው፤ አምስተኛውን ዙር ብቻ ተርትረው በአዲሱ ይተኩት።

እማማ ዘእንጅባራ

ልጄ፣ ወንድምሽ ሒሳቡን አሳምሮ ሠርቶልሻል፤ የክር ጫፉን ግን አልቆጠረውም። በየዙሩ ቀለም ብትለውጪ አንድ ካሬ አምስት ቀለም፣ አምስቱ ቀለም ዐሥር ጫፍ ይኖረዋል፤ ለ130 ካሬ 1,300 ጫፍ ማለት ነው። “በኋላ እቀብረዋለሁ” ብለው ትተውት እስካሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ያደረ ስንት የሚያምር ሥራ ዐውቃለሁ፤ አንደኛው የእኔ ነው። ዳርቻውን ጨምሮ በሦስት ቀለም ብትወሰኚ ወደ 780 ይወርዳል፤ ለዓይንም ይረጋል። ጫፉን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዪና ካሬው እንዳለቀ ቀዳዳው ሰፊ በሆነ መርፌ ወደ አንድ አቅጣጫ አስገብተሽ፣ መልሰሽ ወደ ተቃራኒው አምጪው። አክሪሊክ ስለሚያሟልጭ በቋጠሮ ብቻ አትመኚው።

የባሕር ዳሯ እኅታችን የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን እርሷ ያለችው በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሞቅ ባለ አገር ነው። አንቺ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ እኔም ከዚህ በማይተናነስ ብርድ ውስጥ ነን። ይህ አሠራር በየዘለላው መካከል ቀዳዳ አለው፤ ብቻውን ከሆነ የሐምሌ ነፋስ ያልፈዋል፤ እንኳን ቡሉኮን፣ ጋቢንም አያህል። እኔ የመጀመሪያውን ለልጄ ሰጥቼ “ያምራል፣ ግን አያሞቅም” ብላኛለች። መፍትሔው ገበር ነው። አቡጀዲ ግዢ፤ ከመስፋትሽ በፊት ግን ዘፍዝፈሽ አጥበሽ አድርቂው፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተራል፤ ኪሮሹ ግን አብሮት አያጥርም። ጠርዙን ብቻ ሰፍተሽ ብትተዪው እንደ ከረጢት ይነፋል፤ ካሬዎቹ በሚገናኙባቸው ማዕዘኖች ላይ ሁሉ በመርፌ ጠቅ ጠቅ አድርገሽ ያዥው። ገበር የሚገባለት ከሆነ ማገጣጠሚያውም ጉብታ እንዳያወጣ፣ ሁለቱን ካሬ ፊታቸውን ወደ ላይ አጋድመሽ በመርፌ ብትሰፊው ይመረጣል። መጀመሪያ የወርዱን መስመሮች ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ጨርሺ፤ ቁመቱን ቀጥሎ። እያንዳንዱን ካሬ ዙሪያውን እየሰፋሽ ከሄድሽ መስመሩ ይጣመማል።

ቀዩን የበግ ጠጉር ክር ለዚህ ሥራ አታግቢው፤ ለእግር ሹራብ ያምርብሻል። የልባሽ ሹራብ የምትተረትሪ ከሆነ ደግሞ ከመግዛትሽ በፊት የጎኑን ስፌት ገልብጠሽ እዪ፤ በማሽን ተቆርጦ የተቆለፈ ከሆነ ክሩ በየረድፉ ተበጣጥሶ ነው የሚወጣልሽ።

የቀረውንም ቀይ ክር ቢሆን ርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አሽተሽ ሳትፈትኚ ከነጭ አጠገብ አታድርጊው። ያለቀውን ሥራ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢ፤ አትጠምዝዢው፤ ገመድ ላይም አትስቀይው፤ ውኃው ከብዶ ይጎትተዋል፤ ሰሌን ላይ ዘርግተሽ አድርቂው። ካውያ አታስነኪው። ከሁሉ በላይ ለእናትሽ ይህን ንገሪያት፦ አክሪሊክ እሳት ሲነካው ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ አልጋ ላይ ይሁን እንጂ ተከናንበውት ምድጃና ከሰል አጠገብ የሚቀመጡበት አይደለም። እሳት ዳር ጋቢያቸውን ይልበሱ።

ባለኪሮሽ ዘመንቆረር (ጠያቂ)

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እናቴ ማታ ማታ ከምድጃው ስለማትርቅ የመጨረሻው ምክርዎ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ለገበሩም አቡጀዲውን ገዝቼ ዘፍዝፌዋለሁ። የ22ቱን ካሬዎች አምስተኛ ዙር መተርተር ጀምሬ፣ የተረተርኩትን ለሌሎች ካሬዎች መሐል እያደረግሁት ነው። በቀን ሦስት ብሠራ የቀሩት 108 በ36 ቀን ያልቃሉ፤ አሁን ሚያዝያ አጋማሽ ስለሆነ ለገበሩ ጊዜ ይተርፈኛል።

አንድ ችግር ብቻ ገጠመኝ። ጥልቅ አረንጓዴውን ሰባት ጥቅል ስጠይቅ ባለሱቁ በአንድ ቁጥር ስድስት ብቻ አገኘልኝ፤ ሰባተኛው ቁጥሩ ሌላ ነው። ልውሰደው ወይስ ሌላ ቀለም ልፈልግ?

የሸማኔ ልጅ ከሞጣ

ይውሰዱት። የ130ው ዳርቻ 520 ግራም ነው፤ ከስድስቱ ጥቅል 80 ግራም ይተርፋል፤ እርሱን ለማገጣጠሚያው ያድርጉት። ሰባተኛውን ጥቅል በካሬዎቹ መካከል አያግቡት፤ ለዙሪያው ጠርዝ ብቻ ያቆዩት። ጠርዙ ራሱን የቻለ መስመር ስለሆነ የቀለሙ ልዩነት ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል።