የተለያዩ ዲስኮችን የሚቀበል ሳጥን፦ አንድ ዓይነት ማስገቢያ ለሁሉም ይሆናል?

ላሜራ ቆራጭ (ለገጣፎ)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ለገጣፎ በሚገኝ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ሲሆን፣ ከበርና ከመስኮት ሥራ ጎን ለጎን የኮምፒውተር ሳጥኖችንም እቆርጣለሁ። አሁን ሠርግ የሚቀርጽ አንድ ደንበኛዬ ቪዲዮዎቹን የሚያስቀምጥበት፣ 12 ዲስክ የሚይዝ ሳጥን አዝዞኛል። ዲስኮቹ ግን ወጥ አይደሉም፤ በተራ ኮምፒውተር ከሚገቡት የሳታ ሃርድ ዲስኮች ሌላ፣ ከአሮጌ ሰርቨር የወጡ ሁለት የሳስ ዲስኮች (ለሰርቨር የሚሠሩ፣ ማገናኛቸው የሳታን የሚመስል) እና ዩ.2 በሚባል ማገናኛ የሚሰኩ ሁለት የኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲዎች (ሞተር የሌላቸው ፈጣን ዲስኮች) አሉት። ደንበኛው የፈለገውን ዲስክ በፈለገው ማስገቢያ እንዲሰካ ይመኛል፤ እኔም ሐሳቡን ወድጄዋለሁ።

ለሙከራ ስምንቱን የሳታ ዲስኮች በአንድ ፓወር ሰፕላይ ላይ አገናኝቼ ሦስት ሳምንት ያለ ችግር ሠሩ። ባለፈው ማክሰኞ ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ሞተሮቹ መዞር እንደጀመሩ ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ጠፋ፤ ሦስት ጊዜ ብሞክር ያው ነው። አራቱን ነቅዬ ሳበራው ተነሣ። በተጨማሪም ከዩኤስቢ ማቀፊያው ፈትቼ ያወጣሁት አንድ አዲስ ዲስክ ጨርሶ አይዞርም፤ ሻጩ «ተቃጥሏል» ብሎ ሸኝቶኛል። የፓወር ሰፕላዩ ጽሑፍ በ12 ቮልት መስመር 14 አምፔር ይላል። ስህተቴ የት ላይ ነው?

የሰርቨር ክፍል ሠራተኛ (ገላን)

ወንድሜ፣ ከማስገቢያው በፊት ኃይሉን እንይ። ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ መዞር ሲጀምር ከ12 ቮልቱ መስመር እስከ 2 አምፔር ድረስ ሊስብ ይችላል፤ መዞሩን ከጨረሰ በኋላ ግን ፍጆታው ወደ ጥቂት ዋት ይወርዳል። ስምንት ዲስኮች በአንድ ቅጽበት ሲነሡ 16 አምፔር ይሆናል፤ የእርስዎ ደግሞ 14 ነው። እስከ ማክሰኞ የሠራልዎ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ስላላጠፉት ይመስለኛል። 12 ዲስክ ለመያዝ ታስቦ የሚሠራ ሳጥን የሚለካው በሰላሙ ሰዓት ሳይሆን መብራት በተመለሰበት በዚያች ሰከንድ ነው።

መፍትሔው ትልቅ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ብቻ አይደለም። በሳታ የኃይል ማገናኛ ላይ 11ኛው ፒን (የማገናኛው ጥርስ) ከግራውንድ ጋር ከተገናኘ ዲስኩ ኃይል እንዳገኘ ወዲያው ይዞራል፤ ሳይገናኝ ከተተወ ግን ኮንትሮለሩ (ዲስኮቹን የሚያዝዘው ካርድ) እስኪጠራው ይጠብቃል። ተራ ኬብሎች አብዛኛውን ጊዜ ስለሚያገናኙት ሁሉም እኩል ይነሣሉ። ስለዚህ ባክፕሌኑን (ዲስኮቹ የሚሰኩበትን የኋላ ሰሌዳ) ሲመርጡ ዲስኮችን በየተራ ማስነሣት የሚችል መሆኑን፣ ኮንትሮለሩም ይህን የሚደግፍ መሆኑን ያረጋግጡ።

«ተቃጥሏል» የተባለው ዲስክ ደህና ሊሆን ይችላል። በ2016 የወጣው የሳታ 3.3 ደንብ 3ኛውን ፒን ዲስኩን ከሩቅ ለማጥፊያነት መድቦታል፤ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ግን በዚያው ፒን ላይ 3.3 ቮልት ይልካሉ። ዲስኩም «ጠፍተህ ቆይ» የተባለ መስሎት ይቀመጣል። ሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን ሙቀት የሚችል ቢጫ ፕላስተር ቆርጠው ያን አንድ ፒን ብቻ ይሸፍኑና ይሞክሩት። ለቋሚ ሥራ ግን ፕላስተር ይላጣልና 3.3 ቮልት የማያደርስ ባክፕሌን ይሻላል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመጣ፣ ሁሉን የሚቀበል ማስገቢያ አልመክርዎትም። የሳስ ማስገቢያ የሳታ ዲስክንም ይቀበላል፤ የሳታው ግን የሳስን አይቀበልም፤ በሳስ ዲስክ ማገናኛ ላይ በዳታውና በኃይሉ መካከል ያለው ክፍተት የተሞላ ስለሆነ ገና ሲገፉት ያግድዎታል። ስለዚህ አሥሩን ማስገቢያ የሳስ ያድርጓቸው። ኤንቪኤምኢ እንደ ግራፊክስ ካርድ ባሉ ካርዶች መስመር፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ የሚሠራ ሌላ ዓለም ነው። ሳታን፣ ሳስንና ኤንቪኤምኢን ሦስቱንም የሚያስተናግደው ዩ.3 የተባለው ባክፕሌን አለ፤ ሆኖም የዩ.3 ዲስክ በዩ.2 ማስገቢያ ሲሠራ፣ የእርስዎ የዩ.2 ዲስኮች ግን ዩ.3ን ብቻ በሚያውቅ ባክፕሌን ላይ አይታዩም። ውድ ገንዘብ ከፍለው ያሉዎትን ዲስኮች የማያነብ ሳጥን ከሚሠሩ፣ ሁለት የዩ.2 ማስገቢያዎችን ለብቻ ለይተው በሌላ ቀለም ይቀቧቸው።

ነፋስ ያለበት (ሱሉልታ)

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ከአየሩ በስተቀር የተረሳ ነገር የለም። እኛ የምንኖረው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ ሃርድ ዲስኮች የሚፈቀድላቸው ከፍታ 3,048 ሜትር ስለሆነ እዚያ ላይ ሥጋት የለም። ዩ.2 ዲስክ ግን እስከ 25 ዋት ሊፈጅ ስለሚችል ሁለቱን ከፋኑ ፊት ለፊት ያድርጓቸው፤ ባዶ ማስገቢያዎችንም በላሜራ ይድፈኗቸው፤ አለዚያ አየሩ በባዶው በኩል ያመልጣል።

ደግሞም እባክዎ ላሜራውን ቆርጠው፣ ሞርደው፣ በደንብ ካራገፉ በኋላ ብቻ ባክፕሌኑን ይግጠሙ። ከግራይንደር የሚወጣ የብረት ብናኝ ፒኖች መካከል ሲያርፍ የሚያደርሰውን ጉዳት በራሴ ሥራ አይቻለሁ።

ላሜራ ቆራጭ (ለገጣፎ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፕላስተሩን እንደለጠፍኩ ዲስኩ ዞረ! የሳስ ዲስኮቹ ግን በትክክለኛ ኮንትሮለር ላይ ሆነው ይዞራሉ፣ ስማቸውም ይታያል፣ መጠናቸው ግን ዜሮ ይላል።

የሰርቨር ክፍል ሠራተኛ (ገላን)

ከትልቅ የማከማቻ ሥርዓት የወጡ ከሆነ ዳታ የሚጻፍበት እያንዳንዱ ክፍላቸው (ሴክተር) በ512 ፈንታ 520 ባይት ሊሆን ይችላል። በሊኑክስ ላይ ኤስጂ ፎርማት በሚባለው ትእዛዝ ወደ 512 ይመልሷቸው፤ በላያቸው ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን ለደንበኛዎ አስቀድመው ይንገሩት። ሥራው ሰዓታት ይወስዳል፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ዲስኩ እንደገና ከመጀመሪያው ፎርማት እስኪደረግ ድረስ አይነበብምና፣ ዩፒኤስ ላይ ሰክተው፣ አንዱን ጨርሰው ሌላውን ይጀምሩ።