የቢላዋ እጀታ ከብረቱ እየለቀቀ ነው፤ ልድፈነው ወይስ ላውልቀው?

ጀማሪ፦
ሰላም ወገኖች። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ የወጥ ቤት ቢላዋ ነው። የእጀታው ብረት ውፍረቱ 3.5 ሚሊ፣ ግራና ቀኙ 9 ሚሊ የወይራ እንጨት፣ ሁለት ቦታ 5 ሚሊ የናስ ሚስማር። ያጣበቅኩት በ5 ደቂቃ በሚደርቀው ኢፖክሲ (ሁለቱ ተቀላቅለው የሚደርቁ ሙጫ) ሲሆን በሞርሳ (በብረት ማጥበቂያ) ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። በ3 ሳምንቱ የብረቱ ጠርዝ ከእንጨቱ ከፍ ብሎ እጅ መቆርቆር ጀመረ። በስለቱ በኩል ደግሞ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት አለ። በሰጋቱራና በሙጫ ልድፈነው?

ሞርሳ፦
አውልቀው። ድፍኑ ክፍተቱን ከዓይን ይደብቃል እንጂ ውሃ አያግድም፤ ባሌስትራ ደግሞ ቶሎ የሚዝግ ብረት ነው፣ ከእንጨቱ ሥር ሳይታይህ ይበላል።

ያለብህ ችግር ሁለት ነው። ብረቱ ከፍ ያለው ወይራው እርጥብ ስለነበር ነው። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ ብዙም አይቀንስም፣ በጎኑ ግን ይኮማተራል። የሚቀጥለውን እንጨት በወጥ ቤት ሚዛን በየሳምንቱ መዝነው፤ ሁለት ሳምንት ክብደቱ ካልተለወጠ ደርሷል። ክፍተቱ ግን ከሞርሳው ነው፦ ስታጠብቀው ኢፖክሲው በሙሉ ወደ ውጭ ተጨምቆ ወጥቶ መሃሉ ደረቅ ቀርቷል። እንጨቱ እንዳይንቀሳቀስ ያህል መያዝ ይበቃል።

ለማውለቅ የናሱን ሚስማር በ4.5 ሚሊ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ብሳው፣ ቀሪውን በቀጭን ብረት መትተህ አስወጣ። ከዚያ እጀታውን ብቻ የፈላ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ። (አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ኢፖክሲ ይበቃል።) የጋዝ እሳት እንዳታስጠጋ፤ ሙቀቱ ወደ ስለቱ ከሄደ ጥንካሬው ይጠፋል።

ወይራ፦
ሞርሳ ባለው እስማማለሁ፤ ግን እንጨቱ ለጥ ያለ መሆኑን ሳታይ አታጣብቅ። መስታወት ላይ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዘርጋ፣ የእንጨቱን ፊት በእርሳስ አስምርበት፣ መሃሉን በጣት ጫን አድርገህ ፈትገው። መስመሩ በሙሉ ሲጠፋ ደርሷል። ጫፉን እየተጫንክ ከፈተግክ ጠርዙ ይበላል፤ ያንተ ዓይነት ክፍተት ከዚህም ይመጣል። ብረቱንም እንዲሁ። ከዚያ ገጥመህ አምፖል ፊት ያዘው፦ ብርሃን ካሳለፈ ገና ነው።

ወይራ ቅባት ስላለው ልታጣብቅ ስትል በአሴቶን ጥረገው፤ አንድ ቀን ካደረ ቅባቱ ተመልሶ ይወጣል። ሚስማሩንም በ80 ቁጥር ጫረው፤ ልሙጥ ናስ ኢፖክሲ አይዝም። ቀዳዳውን ከሚስማሩ 0.1 ሚሊ አስፋው። የ5 ደቂቃውን ተወው፣ የ24 ሰዓቱን ግዛ።

ብዙ ሰው የሚረሳው፦ በስለቱ በኩል ያለውን የእንጨት ጫፍ ሳታጣብቅ በፊት እስከ 600 ቁጥር ጨርሰው። ከተጣበቀ በኋላ ብረቱን ሳትጭር ልትነካው አትችልም።

ጀማሪ፦
አመሰግናለሁ። ማለስለሻውስ? የገበያ የተልባ ዘይት ይሆናል?

ሞርሳ፦
የምግቡ ዘይት ለሳምንታት እጅ ላይ ይጣበቃል። ለእንጨት ተብሎ የሚሸጠውን፣ ቶሎ የሚደርቀውን ፈልግ። በስሱ ቀባ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ጥረግ፣ አንድ ቀን ጠብቅ፤ 4 ጊዜ ይበቃል። መጀመሪያ ግን በእርጥብ ጨርቅ አብሰህ ሲደርቅ የቆመውን የእንጨት ቃጫ በ400 ቁጥር አንሳ፣ ያለዚያ በመጀመሪያው እጥበት ይሻክራል።

ወይራ፦
የጠረግክበትን ጨርቅ ደግሞ ጠቅልለህ አትጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይግላል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። ውሃ ውስጥ ንከረው ወይም ደጅ ዘርግተህ አድርቀው።

ሚስማሩን በማሽን ስትሞርድም በየጥቂት ሰከንዱ በጣትህ ንካው። ጣትህን ካቃጠለ ሥሩ ያለው ኢፖክሲም ለስልሷል፤ ውሃ ነክረህ ቀጥል።