ፕሮሰሰሩን ካፈጠንኩት ወዲህ ኮምፒውተሬ አልነሳ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞችና እህቶች። ባሕር ዳር ነው ያለሁት፤ የሰርግ ቪዲዮ በማቀናበር እተዳደራለሁ። ትናንት ማታ ሥራው ቢዘገይብኝ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብቼ ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰሬን ወደ 4.2 ጊጋኸርዝ ከፍ አደረግኩት፤ ቮልቴጁን እንዳለ ተውኩት። ሴቭ አድርጌ ከወጣሁ ጀምሮ ፋኖቹ ይሽከረከራሉ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው።

የባዮሱ ቅንብር ወደ ቀድሞው እንዲመለስ ከሶኬት ነቅዬ የማዘርቦርዱን ክብ ሲአር 2032 ባትሪ ለአሥር ደቂቃ ያህል አውጥቼ መለስኳት። ራሞቹንም እያፈራረቅኩ ሞከርኩ። ምንም ለውጥ የለም። ይህ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ምስል የሚያወጣውን የግራፊክስ ካርድ ነቅሎ ማየት አይቻልም።

ባትሪዋን ሳወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኜ የቀረውን ኤሌክትሪክ አላስወጣሁም፤ ባዮሱ ያልተመለሰው በዚያ ይሆን? ማዘርቦርዱ ላይ ባዮሱን የሚመልሱ ሁለት ፒኖች አሉ፤ ፒኖቹን የምታገናኘው ትንሽ ክዳን (ጃምፐር) ግን የለኝም። ከሶኬት ነቅዬ በመፍቻ ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ባገናኛቸው ይበቃል? ቮልቴጅ ስላልጨመርኩ ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል ብዬ ማመን ከብዶኛል።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ጣና ዳር የቀረጽኩት ሰርግ ነው፤ ዲስኩ ላይ እንጂ ሌላ ቅጂ የለውም። ሙሽሮቹ ቅዳሜ ይረከቡኛል። መጀመሪያ ዲስኩን ፈትቼ በሌላ ኮምፒውተር ልገልብጠው? የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ዛሬውኑ ንገሩኝ።