ከቆራሌ የምገዛው አልሙኒየም ከየት እንደመጣ በምን ልወቅ?

ድስት ሠሪው (አቃቂ)

ሰላም ወገኖች። ከቃሊቲ አለፍ ብሎ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ትንሽ የአልሙኒየም ማቅለጫ አለኝ። ድስት ነው የምሠራው። ፒስተን፣ የሞተር ብሎክ፣ የመስኮት ፍሬም፣ ያረጀ ድስት እገዛለሁ። አብዛኛውን የሚያመጡልኝ ቆራሌዎች ናቸው። ሲጎድለኝ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ እወርዳለሁ።

ሰሞኑን አንድ የማላውቀው ሰው መሸት ሲል በባጃጅ ጥቅልል ገመድ ጭኖ መጣ። መሀሉ የብረት ሽቦ ነው፤ ዙሪያውን ወፍራም የአልሙኒየም ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ለቤት የሚዘረጋ ገመድ እንዲህ አይሠራም። ይሄ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር ገመድ ነው። አልሙኒየሙ በጣም ንጹሕ ነው፤ የጠየቀኝ ዋጋ ግን ከፒስተን ያነሰ ነበር። «ከየት አመጣኸው?» ስለው «የመጋዘን ትርፍ ነው» አለኝ። ወረቀት የለውም። አልገዛሁትም። ጭኖ ወደ ሌላ ማቅለጫ ሄደ፤ እዚያ ሳይገዙት እንዳልቀሩ እገምታለሁ።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የማስተላለፊያ ታወር አንግል (ታወሩን አያይዞ የሚያቆመው ብረት) እና ገመድ እየተሰረቀ መሆኑን በየጊዜው ሲናገር እንሰማለን። አንግሉ የተፈታ ታወር ኃይለኛ ንፋስ ከመጣበት ይወድቃል። ከዚያ ወፍጮ ይቆማል፤ ጤና ጣቢያ ይጨልማል። ታዲያ የዚያን ታወር ገመድ ድስት አድርጌ ለሰው እንዴት እሸጣለሁ?

ሥራችን ደረሰኝ የሚባል ነገር የለበትም። ቆራሌው ከየቤቱ የለቃቀመውን ነው የሚያመጣልኝ። ምን ልጠይቅ? ምን ልመዝግብ? ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ከሚያቀልጥ ሰው ጋር በዋጋ እንዴት ልወዳደር? በዚህ መንገድ ሠርቶ ገበያ ላይ የቆየ ካለ ያካፍለኝ።

ጂኦሎጂስት (ገላን)

ወንድሜ፣ ባለመግዛትህ ደግ አድርገሃል። በማዕድን ሥራ ላይ ነው የኖርኩት። የትልልቆቹ ገዢዎች ጥያቄም ይኸው ያንተ ጥያቄ ነው።

በምሥራቅ ኮንጎ የታጠቁ ቡድኖች ቲን፣ ታንታለም፣ ተንግስተንና ወርቅ ከሚያወጣው ሰው ላይ እየቀረጡ ይዋጉበት ነበር። ማዕድኑ ዞሮ ዞሮ ስልክ ውስጥ ይገባል። ኦኢሲዲ የሚባለው የሀገራት ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2011 ገዢዎች የማዕድኑን ምንጭ የሚያጣሩበት መመሪያ አወጣ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በእነዚሁ አራት ማዕድናት ላይ አስመጪዎች ምንጩን እንዲያጣሩ የሚያስገድድ ሕግ ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለ።

መመሪያው አጥብቆ የሚይዘው ማን ይመስልሃል? ማቅለጫውን ነው። ከየጉድጓዱ የወጣው ሁሉ አንድ ምድጃ ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም አይለየውም። ስለዚህ መጠየቅ የሚቻለው ከእሳቱ በፊት ነው። አንተ የቆምከው እዚያ ቦታ ላይ ነው።

ሁሉን እወቅ አይልህም። አጣራ፣ አጠራጣሪውን ለይ፣ በለየኸው ላይ እርምጃ ውሰድ፣ ጻፍ ነው የሚለው። አንድ ደብተር ይበቃሃል። የሻጩ ስም፣ ስልክ፣ ቀን፣ ዓይነት፣ ኪሎ፣ ከየት እንዳገኘው የተናገረው። ፒስተን ከሆነ የጋራዡን ስም ጠይቅ፤ አንዳንዴ ደውል። የማስተላለፊያ ገመድ፣ የታወር አንግል፣ የቴሌ ኬብል፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ያለ ባለቤቱ ደብዳቤ በርህን አይለፍ። ላስቲኩ ተቃጥሎ የመጣ ሽቦም እንዲሁ፤ አንዳንዱ የሚያቃጥለው ምልክቱን ለማጥፋት ነው፤ ጭሱም መርዝ ነው። የቴሌና የኤሌክትሪክ መረቦችን ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 464/1997። ፈልገህ አንብበው።

ደግሞ ነገሩ ስርቆት ብቻ አይደለም። ለገደንቢን አስታውሱ። ነዋሪው ጤናችን ተጎዳ ብሎ ተቃውሞ ካነሳ በኋላ ነው በ2010 ዓ.ም የወርቅ ማውጫው ፈቃድ የታገደው። ያን ወርቅ አንገቷ ላይ ያደረገች ሴት ይህን በምን ታውቃለች? የሚነግራት በመሀል ያለው ገዢ ብቻ ነው።

የሁለት ልጆች እናት (ሰበታ)

ስለ ሌባ ብቻ አታውሩ። ከምንኖርበት ሰፈር ጀርባ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ እርሳሱን የሚያቀልጡ ነበሩ። አሲዱን ሜዳ ላይ ይደፉታል። ልጆች እዚያው አፈር ላይ ይጫወታሉ። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው መጠን አይታወቅም ይላል። ጎረቤት ተሰብስበን ተሟግተን ነው ያስነሳናቸው።

አሁን አንተን ልጠይቅህ። ድስትህ ውስጥ እርሳስ አለ? ካሜሩን ውስጥ ከቁርጥራጭ የተሠሩ የአልሙኒየም ድስቶች ተመርምረው እርሳስ ወደ ምግብ ሲለቁ ተገኝቷል። ጥናቱ በፈረንጆቹ 2014 ነው የታተመው። የድሮ ራዲያተር ብየዳው እርሳስ አለበት። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ አልሙኒየም 660 ይፈልጋል። ምድጃህ ውስጥ ትንሽ ከገባ አብሮ ይሟሟል፤ አታየውም። እኔ በዚያ ድስት ሽሮ ሠርቼ ለልጆቼ አቀርባለሁ።

ቆራሌ ነኝ

ጋሼ ድስት ሠሪ፣ ማታ በባጃጅ የመጣው ከእኛ አይደለም። ቆራሌ በቀን፣ በእግሩ፣ እየጮኸ ነው የሚሄደው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያየናል። ስሜን ጻፍ ብትለኝ ደስ ይለኛል። እስካሁን ስሜን የጠየቀኝ ገዢ የለም።

ለይተን እንድናመጣ ከፈለግክ ግን ለይተህ ክፈል። ፒስተኑም ፍሬሙም በአንድ ዋጋ ከተመዘነ ማን ቁጭ ብሎ ይለያል? ሁለተኛ፣ የገዢ ሚዛን ይበላናል። ሚዛኑ ልክ የሆነ ቤት ካለ ሁላችንም እዚያ ነው የምንሄደው። ከባለ ባጃጁ የሚገዛውን ሰው በዋጋ ልታሸንፈው አትችልም። እኛን ግን ትይዘናለህ።

ድስት ሠሪው (አቃቂ)

አመሰግናለሁ፤ ሁላችሁንም። ደብተሩን ዛሬ እጀምራለሁ።

እናቴ፣ ባትሪና ራዲያተር ግቢዬ አይገባም። የሚያሰጋኝ ሌላ ሰው አቅልጦ በጡብ መልክ የሚሸጥልኝ ነው፤ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለ በዓይን አይለይም። እሱን መግዛት አቆማለሁ። ከራሴ ድስትም ቆርጬ ላስመረምር እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለግለሰብ እርሳስ የሚመረምር ቤተ ሙከራ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቆራሌ ወንድሜ፣ ለተለየ ዕቃ የተለየ ዋጋ እከፍላለሁ። ሚዛኑንም አንተ በምታምነው ክብደት መጥተህ ፈትሽልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ክፍት ነኝ።