መብራት በሄደ ቁጥር የፓይተን ኮምፓይል ከዜሮ ይጀምርብኛል

ጠያቂ፣ ከጠባሴ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ቤተሰብ። በክረምት ለሰፈር ልጆች ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ላስተምር ነው። ዴስክቶፑ ላይ ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ኡቡንቱ 20.04 ነው፣ ይዞ የመጣው ደግሞ ፓይተን 3.8። ትምህርቱ ግን 3.12 ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ስለሌለው ሶርስ ኮዱን ከጓደኛዬ በፍላሽ አመጣሁ፣ ራሴ ኮምፓይል ላደርገው (ወደሚሠራ ፕሮግራም ልለውጠው)። ኮንፊገር (ማሽኑን የሚፈትሸው የዝግጅት ደረጃ) በሰላም አለቀ። ሜክ (ኮምፓይል የሚያደርገው ትእዛዝ) ብዬ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል ብዬ እንደገና ሜክ ብለው ከመጀመሪያው ፋይል ተነሳ። ይሄው ሦስተኛ ቀኔ ነው! በየመሃሉም «ክሎክ ስኪው ዲቴክትድ» (የሰዓት መዛባት ተገኝቷል) ይላል። ማሽኑ ኮር አይ 3፣ ራሙ 4 ጂቢ ነው። እባካችሁ ምን ላድርግ?

ከሸዋ ሮቢት
ኮንፊገር ስትል «ኢነብል ኦፕቲማይዜሽንስ» ጨምረህ ከሆነ አውጣው። እሱ አንዴ ይሠራዋል፣ በቴስት ያስሮጠዋል፣ ከዚያ እንደገና ይሠራዋል፤ መብራት ለሚቆራረጥበት ሰው አይሆንም። ሜክንም «ሰረዝ ጄ 2» በለው፣ ሁለት ፋይል በአንዴ ይሠራል። እኔ ጋ ሙቀቱ ስለማያስችል በጄ 4 ኮምፒውተሩ ግሎ ይጠፋብኛል፣ እናንተ ብርዱ ስላለ ትችሉ ይሆናል።

ከደብረ ሲና
ቆይ፣ ችግሩ ፍጥነት አይመስለኝም። ተርሚናል ላይ «ዴት» ብለህ ጻፍ። ዓመቱ ስንት ይላል?

ጠያቂ
2018። መብራት ሲጠፋ ቀኑ ስለሚበላሽ ሁሌ በእጄ ነው የምሞላው።

ከደብረ ሲና
በቃ፣ ተገኘ። 2018 የኛ አቆጣጠር ነው፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ፓይተን 3.12 የወጣው በፈረንጅ 2023 ነው፤ ስለዚህ ላንተ ማሽን የሶርስ ፋይሎቹ ገና ካልመጣ ዘመን የመጡ ናቸው። ሜክ ደግሞ ሥራው ሁሉ ቀን ማወዳደር ነው። የሲ ፋይሉ (ሶርሱ) ከእሱ ከተሠራው የኦ ፋይል አዲስ ከሆነ «ተቀይሯል» ብሎ እንደገና ይሠራዋል። አንተ ጋ ሁሉም ሁልጊዜ አዲስ ነው። ስልክህን በዩኤስቢ አያይዘህ ዳታ ስጠው፣ ቀኑን ራሱ ያስተካክላል። ከዚያ «ሜክ ክሊን» በልና እንደ አዲስ ጀምር። የማዘርቦርዷንም ባትሪ ቀይራት፤ ሲአር 2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምታክል የ3 ቮልት ባትሪ ናት። ቀኑ የሚጠፋብህ እሷ ስለሞተች ነው።

ከመሐል ሜዳ
ወንድሜ፣ ዳታው እያለህ እነዚህንም በአፕት (በኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) ጫን፦ ቢልድ ኢሴንሺያል፣ ሊብኤስኤስኤል ዴቭ፣ ዜድሊብ 1ጂ ዴቭ፣ ሊብኤፍኤፍአይ ዴቭ። እኔ ኤስኤስኤሉን (ለተመሰጠረ ግንኙነት የሚያስፈልገውን) ትቼ ስንት ሰዓት ከጠበቅኩ በኋላ ፒፕ (የፓይተን ተጨማሪዎች ማውረጃው) ምንም አላወርድ አለኝ። ከጫንክ በኋላ ኮንፊገርን ድገመው፣ ሜክ ብቻ አይበቃም። መጨረሻ ላይ «ሜክ ኢንስቶል» እንዳትል፣ «ሜክ ኦልትኢንስቶል» በል፤ ፓይተን 3 ስትል የሚነሳው የኡቡንቱው ራሱ ይቀርልሃል። ደግሞ መብራት ሲሄድ እየተጻፈ የነበረ የኦ ፋይል ባዶ ሊቀር ይችላል። ሊንክ ላይ (የኦ ፋይሎቹ ሲገጣጠሙ) «ፋይል ኖት ሪኮግናይዝድ» ብሎ ካለቀሰ ስሙን ይነግርሃል፣ እሱን ብቻ አጥፋና ሜክ በል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ! ባትሪዋን ቀየርኩ፣ ቀኑም ተስተካከለ። ዛሬ ጠዋት መሃል ላይ መብራት ሄዶ ነበር። ሲመጣ ሜክ አልኩት፣ የተሠሩትን ዘሎ ከቀረው ቀጠለ። አሁን ፓይተን 3.12 ስል ይከፍታል፣ ኤስኤስኤልም አለው። የመሐል ሜዳዋ እህቴ፣ አንድ ባዶ የኦ ፋይል በእርግጥም አግኝቻለሁ።